መቶ አሥራ ስምንተኛዋ ሰው

እኔ በልጅነቴ ሁለት ሰው ነበርኩ። በአንደኛው ቤት ነይሞን እባላለሁ፤ በሌላኛው ሊኪሪ። በእኛ ደሴት ይህ የሚገርም ነገር አልነበረም። ታናሽ እህት የመጀመሪያ ልጇን ጡት ስታስጥል፣ ልጅ ላልወለደች ታላቅ እህቷ ትሰጣታለች። ልጅቷም አንዷን እናት ለቃ ሌላዋን አትይዝም፤ ሁለቱንም ትይዛለች። ሊቶማ ወለደችኝ፣ ሊጅሞር አሳደገችኝ። በሁለቱም ቤት እበላ ስለነበር ጎረቤቶቼ «ይህች ልጅ ሁለት ሆድ አላት» እያሉ ይቀልዱብኝ ነበር። እውነታቸውን ነው።

ይህን ያነሣሁት ግን ስለ ራሴ ለማውራት አይደለም። ስለ ሊጅሞር ባል፣ ስለ ቢሊሞን ነው። አባቴ ነው እላለሁ፤ ማንም አይከለክለኝም።

ቢሊሞን አጭር፣ አንገተ ወፍራም ሰው ነበር። የግራ ጆሮውን የዓሣ መንጠቆ ሰንጥቆታል። ቁጥር የተማረው ጃፓኖች ደሴቶቹን በያዙበት ዘመን፣ የቀርከሃ ዱላ ከእጁ በማይለየው አንድ አስተማሪ ሥር ነው። ከዚያ ወዲያ የማይቆጥረው ነገር አልነበረም። ኮኮነት ይቆጥራል፣ የወፍ እንቁላል ይቆጥራል፣ ፓስተራችን በስብከት መካከል ስንት ጊዜ «በመጨረሻም» እንዳለ ይቆጥራል። አንድ እሑድ አሥራ አራት ጊዜ ደርሷል። ሲናደድ ደግሞ ከከንፈሩ ሥር በጃፓንኛ ይቆጥር ነበር፤ ሰባት ላይ ከደረሰ ሊጅሞር ድስቱን ይዛ ከቤት ትወጣለች።

የማይቆጥረው ማዕበልን ብቻ ነው። ማዕበል በጀርባ ይሰማል እንጂ አይቆጠርም ይለኝ ነበር። በታንኳው ሆድ ውስጥ ጎን ለጎን እንተኛለን። ሸራው ወርዷል፤ ሰማዩ ነጭ ነው፤ ውኃው ከሳንቃው ሥር ይተነፍሳል። «ማን መጣ?» ይለኛል። ዓይኔን ጨፍኜ አዳምጣለሁ። ከምሥራቅ የሚመጣው ረጅምና ዝግ ያለ ነው፤ እሱ ትልቁ አጎት ነው። ከትንሿ ደሴት ጋር ተላትሞ የሚመለሰው ደግሞ አጭርና ችኩል ነው፤ እሷ የአጎትዬው ልጅ ናት። «አጎትዬው መጣ፣ ልጅቷ ተከተለች» እላለሁ። «እሰይ የኔ ልጅ፣ ጀርባሽ ያያል» ይለኛል። እንዲህ ተኝተን ስንት ቀን እንዳለፈ አላውቅም። ዕድሜዬን ሙሉ የተኛሁ ይመስለኛል።

ጃፓኖችን ያሸነፈው ጦር መኮንን የመጣው ጦርነቱ ካለቀ በኋላ ነው። ፀሐይ የላጠው አፍንጫ ነበረው። ከሌላ ደሴት ያመጣው ላንጂን የሚባል አስተርጓሚ አጠገቡ ቆሟል። ባላባታችንና ሽማግሌዎቹ ከኮኮነቱ ጥላ ሥር ተሰብስበው ሰሙት። አንድ ቦምብ ሊሞክሩ ነው፤ ለጊዜው ብቻ ነው፤ ደሴቱን ልቀቁ፤ ኋላ ትመለሳላችሁ።

«አንድ ቦምብ?» አለ ጃብሮ፤ ምላሰኛው ጎረቤታችን ነው። «ጃፓን ሲሸነፍ እዚህ የወደቀውን በእጄ ጣት ጨርሼ በእግሬ ነው የቆጠርኩት፤ ያኔ ማን ተነሡ አለን?»

ላንጂን ለመኮንኑ አልተረጎመለትም። «አያ ጃብሮ፣ ይኼኛው እንደዚያ አይደለም» አለው በእኛው ቋንቋ፣ ቀስ ብሎ። «እነሱም ይፈሩታል።»

ባላባታችን እሺ አለ። ጠመንጃ የያዙ ሰዎች ቆመው ሲጠይቁህ ሌላ ምን ትላለህ? አሁን ተቀምጠው «ለምን እሺ አለ» የሚሉ ልጆች ሲያጋጥሙኝ ደሜ ይፈላል።

ከዚያ በኋላ ሁሉም ነገር ወረቀት ሆነ። የኮኮነት ዛፍ ላይ ወረቀት ለጠፉ፤ የትኛው ዕቃ መቼ እንደሚጫን የተጻፈበት። አሸዋው ላይ ነጭ ገመድ ዘረጉ። ቤተ ክርስቲያኑ ሳንቃ በሳንቃ ፈረሰ፤ እያንዳንዱ ሳንቃ ቁጥር ተጻፈበት፤ ሚስማሩ በቆርቆሮ ጣሳ ተሰበሰበ። መጀመሪያ ሳንቃው፣ ከዚያ ታንኳዎቹ፣ ከዚያ የውኃ በርሜሉ፣ ከዚያ የየቤቱ ሰሌን፣ በመጨረሻ ሰው። «ሰው ከሳንቃ በኋላ?» ብላ ሊጅሞር ተቆጣች። አሳማዎቹ አይሄዱም ተባለ። ለምን ብለን ስንጠይቅ ላንጂን ወደ ባሕሩ ዞረ።

የሰዉን ዝርዝር የሚጽፍ ሲፈለግ ሁሉም ወደ ቢሊሞን ጠቆመ። እርሳሱን ጆሮው ላይ ሰክቶ ከቤት ቤት ዞረ። «በዚህ ቤት የሚበላ ማን ነው?» ይላል፤ ይጽፋል። ሊቶማ ቤት ደርሶ ጠየቀ፤ ሊቶማ ልጆቿን ስትጠራ «ሊኪሪ» አለች፤ ጻፈ። የራሱ ቤት ደርሶ ሚስቱን ጠየቀ፤ «ነይሞን» አለች፤ ጻፈ። ሁለቱንም ሲጽፍ አጠገቡ ቆሜ እርሳሱን አይ ነበር፤ ለእኔም ልክ መሰለኝ። ከእናት አፍ የወጣ ልጅ እንዴት ይዘለላል? ቢዘልማ ሊቶማ ዕድሜ ልኳን አታናግረውም ነበር። ድምሩ መቶ አሥራ ስምንት ሆነ። ሦስት ጊዜ ደምሮ አንድም ሳይስት ለመኮንኑ ሰጠው።

የመጫኛው ቀን ፊቱን እንደ አፍ የሚከፍተው መርከብ አሸዋው ላይ ወጥቶ ቆመ። ከአፉ አጠገብ ሰሌዳ ተተከለ፤ ሰሌዳው ላይ የሁላችንም ስም የተጻፈበት ካርቶን በክር ተንጠልጥሏል። እያንዳንዱ ሰው የራሱን አንሥቶ አንገቱ ላይ ያጠልቅና ይገባል። እኔ ከሊጅሞር ኋላ ነበርኩ፤ እሷ ነይሞን የሚለውን አንሥታ አጠለቀችልኝ። ሰው ሁሉ ገብቶ ሲያበቃ ሰሌዳው ላይ አንድ ካርቶን ቀረ። ነፋሱ ያዟዙረዋል።

መኮንኑ ቆጠረን። መቶ አሥራ ሰባት። እንደገና ቆጠረ። ከዚያ ላንጂን ካርቶኑን አነበበ። «ሊኪሪ። ሴት። ዘጠኝ ዓመት። የሊቶማ ልጅ።»

ያን ጊዜ የሆነውን እስካሁን በእንቅልፌ አየዋለሁ። ደሴቱ በሙሉ በአንድ ጊዜ እኔን ላለማየት ተነሣ። ከፊሉ ሰማይ ያያል፣ ከፊሉ ጥፍሩን ያያል። ማንም ከማንም ጋር አልተማከረም።

«ልጅሽ የት አለች?» አላት መኮንኑ በላንጂን በኩል።

«ልጅ ናት እንግዲህ» አለች ሊቶማ። «ዛሬ ጠዋት ዓሣ አብልቻት ነበር።» እውነቷን ነው፤ አብልታኛለች።

«ያቺ ልጅ እግሯ አያርፍም፣ ጌታዬ» አለ ጃብሮ። ይህም እውነት ነው።

ቢሊሞን አፉን ከፈተ። ቁጥሩ ተሳስቷል፤ እሱ ደግሞ ስሕተት አይችልም። ሊጅሞር በተረከዟ እግሩን ረገጠችው። አፉን ዘጋ። ከከንፈሩ ሥር በጃፓንኛ ሲቆጥር ሰማሁት፤ ሰባትን አልፎ ሄደ።

መኮንኑ ሰው ሁሉ ይውረድ አለ። አንድ ሰው ደሴቱ ላይ ቀርቶ መሄድ አይቻልም፤ ትእዛዙ እንደዚያ ነው፤ ልጅቷ ትፈለግ። መርከበኞቹ ፊሽካ ይዘው ተበተኑ። ላንጂን ወደ እኛ መጣ። እሱም የእኛው ወገን ነው፤ በሁለት ቤት የሚበላ ልጅ ምን እንደሆነ ሳይነገረው ያውቃል።

«አራት ቀን» አለ መሬት እያየ። «ከአራት ቀን በኋላ ነፋሱ ይዞራል። ከዞረ ነገሩ ይቀራል፤ ሌላ ቦታ እንፈልጋለን ሲሉ ሰምቻለሁ። እኔ ምንም አልነገርኳችሁም።»

«ማንም ምንም አልሰማም፣ ወንድሜ» አለው ጃብሮ።

አራት ቀን። ሊኪሪ አራት ቀን ካልተገኘች ደሴታችን ይተርፋል።

እነዚያን ቀናት እንዴት ብዬ ልንገራችሁ? ቤቶቹ ባዶ ናቸው፤ ድስቱ መርከቡ ውስጥ ነው፤ ሥራ የለም። ፓስተራችን ጣሪያና ግድግዳ በሌለው ቤተ ክርስቲያን መሠረት ላይ ቆሞ ይጸልያል፤ ወፎች በመካከላችን ያልፋሉ። ሴቶቹ ጥለነው ልንሄድ የነበረውን፣ ከመሬት በታች በቅጠል ተጠቅልሎ የተቀበረውን የዳቦ ፍሬ አውጥተው በትኩስ ድንጋይ ጋገሩት። የዓመቱን በአንድ ቀን በላነው። የተጣሉ ታረቁ። ሽማግሌዎቹ ፀሐይ ላይ ተኝተው ፈገግ ይላሉ። ነገ የሚባል ነገር ማዶ ቆሞ መሻገሪያ ያጣ መሰለን። ደስ ብሎኝ ነበር፤ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ከመርከበኞቹ አንዱ ፊቱ በጠቃጠቆ የተሞላ ጎረምሳ ነበር። ሌሎቹ ፊሽካ ሲነፉ እሱ በስም ነው የሚጠራት። «ሊኪሪ! ሊኪሪ!» ስሙን ያጣምመዋል፣ ግን ሲጠራው ድምፁ ለስለስ ይላል፤ የራሱን እኅት የሚፈልግ ነበር የሚመስለው። ኪሱ ውስጥ በወረቀት የተጠቀለለ ከረሜላ እንዳለ አየሁ። አንድ ጊዜ ነይሞን የሚለውን ካርቶኔን አንብቦ ራሴን ዳበስ አደረገኝ፤ ከረሜላውን ግን አልሰጠኝም። የሊኪሪ ነበር።

በሦስተኛው ቀን ሊኪሪ እውነት የጠፋች መሰለኝ። እኔ ነይሞን ነኝ፤ እዚህ አለሁ፤ በልቻለሁ። እሷ ግን የሆነ ዐለት ሥር ብቻዋን ተቀምጣ ስሟን ትሰማለች። ከጠቃጠቆው ኋላ ኋላ እየሄድኩ እኔም ፈለግኳት። ሳያዩኝ ቀስ ብዬ «ሊኪሪ» ብዬ ጠራሁ። ምን ያደርጋል፤ የሚመልስ የለም።

ቢሊሞን ግን አልተኛም፣ አልበላም። «ቁጥሬ ውሸት ነው» አላት ሊጅሞርን፤ አሸዋው ላይ ተቀምጠን ነበር።

«ዝም በል። አንድ ቀን ነው የቀረው።»

«ሰዎቹ በፀሐይ እየተቃጠሉ የሌለ ሰው ይፈልጋሉ፣ ሊጅሞር።»

«ይፈልጉዋ! ማን ጠራቸው?»

እሷም ልክ ነበረች፤ እሱም ልክ ነበር።

በአራተኛው ቀን ጠዋት፣ ደሴቱን የከበበው የኮራል ዐለት ያቀፈው የውስጡ ባሕር በዐለቱ በር ወደ ውጭ በሚፈስበት ሰዓት፣ ጠቃጠቆው በሩ አጠገብ ውኃው ላይ ነጭ ነገር አየ። የደረቀ ቅጠል ነበር። እሱ የሊኪሪ ቀሚስ መሰለው። ከነልብሱ ዘለለ። በዚያ ሰዓት በዚያ በር የእኛ ልጅ እግሩን እንኳ አያስገባም።

መርከበኞቹ ሲጮኹ ቢሊሞን ዓሣ እንድናጠምድባት ከመርከቡ የወረደችውን ትንሿን ታንኳ ገፍቶ ገባ። ቀጥታ ወደ ልጁ አልቀዘፈም። ታንኳዋ ውስጥ ተንጋለለ፤ እብድ መሰላቸው። እኔ ብቻ አወቅኩ፤ ማን እንደመጣ በጀርባው እየሰማ ነበር። ከዚያ ተነሥቶ ከበሩ ውጭ፣ ማዕበሉ የወሰደውን መልሶ የሚያመጣበት ቦታ ሄዶ ጠበቀ። ልጁ እዚያ ብቅ አለ። በጸጉሩ ጎትቶ አወጣው።

አሸዋው ላይ ሲያስተኙት ከንፈሩ ጠቁሯል። ውኃ ተፋ፤ እንደገና ተፋ። ከዚያ ዓይኑን ገልጦ አንድ ነገር ተናገረ። ላንጂን ወደ እኛ ዞሮ ተረጎመው።

«‹ልጅቷን አገኛችኋት ወይ?› ነው የሚለው።»

አንጀቴን በላኝ። እግሬ ወደ ሰሌዳው ሲሄድ እኔ አላዘዝኩትም። ካርቶኑን አወረድኩ፤ አንገቴ ላይ ከነይሞን ጎን አጠለቅኩት፤ መጥቼ ልጁ አጠገብ ተንበረከክሁ። «እኔ ነኝ» አልኩት። «ተገኝቻለሁ።»

ሊቶማ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። መኮንኑ ጎንበስ ብሎ ሁለቱን ካርቶኖች አነበበ፤ እኔን አየ፤ ሁለቱን እናቶቼን አየ። አልጮኸም። ቀዩን እርሳስ አውጥቶ ከዝርዝሩ ላይ አንዱን መስመር ሰረዘ። ሊኪሪን ነው የሰረዘው።

«ማን ነው ይህን ያደረገው?» አለ ጃብሮ። «የዛሬዋ ቀን ብቻ እኮ ነበረች የቀረችን! ማን ነው ይህችን ልጅ የላካት?»

አፌን ስከፍት ርጥብ እጅ አፌን ሸፈነው፤ ጨው ጨው ይላል። ቢሊሞን ከኋላዬ ቆሟል፤ ውኃው ከጸጉሩ እኔ ላይ ይንጠባጠባል።

«እኔ ነኝ ሂጂ ያልኳት» አለ። «ቁጥሩ የኔ ነው። ስሕተቱም የኔ ነው።»

አላለኝም። ታንኳዋን ከገፋ ወዲህ አንዲት ቃል አልተነጋገርንም። ከቀትር በኋላ መርከቡ አፉን ዘጋና ሄድን።

ያሰፈሩን ደሴት የውስጥ ባሕር የለውም። ማዕበሉ ከአራቱም ጎን ዐለቱን ይደበድባል፤ ታንኳ ማውጣት በዓመት ጥቂት ቀን ብቻ ነው። በአንድ ማለዳ በሰሜን በኩል ሰማዩ ነጭ ሆኖ በራ። ከረጅም ጊዜ በኋላ ድምፁ መጣ። ዓመታት አልፈው ተመራማሪዎች መጥተው፣ አፈሩም ዓሣውም ገና አይበላም፣ መመለስ የለም አሉን።

ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ቢሊሞን በሄደበት ሁሉ ስሙ «ቆጣሪው» ሆነ። ዓሣ ባነሰ ቁጥር፣ ሕፃን በታመመ ቁጥር ጃብሮ «ቆጣሪውን ጠይቁት» ይላል። «ደሴቱን ለአንድ የነጭ ልጅ የሸጠውን ጠይቁት።» ሰው ይስቃል፤ ሳቁ ደረቅ ነው። ቢሊሞን መልስ አይሰጥም። እኔ ስንት ጊዜ ልናገር ተነሣሁ፤ ሁሌም እጄን ይዞ ያስቀምጠኛል። «ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ተይ» ይላል። ተውኩት። ልጅ ነበርኩ ብዬ ተውኩት፤ ካደግሁ በኋላ ደግሞ ፈርቼ ተውኩት። እዚህ ላይ ራሴን አልምርም።

መቁጠርም አቆመ። ኮኮነት አምጥተው «ስንት ነው?» ሲሉት «ብዙ ነው» ይላል። ፓስተሩ «በመጨረሻም» ሲል ከንፈሩ አይንቀሳቀስም። እርጅና ሲጫነው አሸዋ ላይ ወጥታ የደረቀች ታንኳ ውስጥ ገብቶ ይተኛ ጀመር። አጠገቡ እተኛለሁ። «ማን መጣ?» ይለኛል። ከሳንቃው ሥር አሸዋ ነው ያለው። «አጎትዬው መጣ» እለዋለሁ። «ልጅቷስ?» ይለኛል። «መንገድ ላይ ናት» እላለሁ።

በሰባ ዓመቱ ሞተ። በእኛ ልማድ ከቀብሩ በስድስተኛው ቀን ዘመድ ጎረቤት ሁሉ ነጭ የኮራል ጠጠር እየዘገነ መቃብሩ ላይ ይበትናል። ሰዉ ሁሉ ተሰልፏል። ጃብሮ በምርኩዝ፣ በልጅ ልጁ ተደግፎ መጥቷል። እኔ ጠጠሬን እንደያዝኩ መቃብሩ ፊት ቆሜ ተናገርኩ።

«ስሙኝ። ካርቶኑን ያነሣሁት እኔ ነኝ። ማንም አልላከኝም። ቢሊሞን አልላከኝም። ይኸው።»

ድንጋይ ይወረውሩብኛል ብዬ ነበር። ማንም አልተንቀሳቀሰም። ጃብሮ ምርኩዙን ወደ ሌላ እጁ አዛወረ።

«እናውቃለን፣ ልጄ» አለ።

«ምን?»

«ሁላችንም እኮ እዚያው ነበርን። እሱ ልጁን ደግፎ ውኃ ሲያስተፋው አንቺ ብቻሽን ወደ ሰሌዳው ስትሄጂ መቶ አሥራ ስድስት ሰው አይቶሻል። ሂጂ ያለሽ ማንም አልነበረም።»

«ታዲያ ሠላሳ አንድ ዓመት ለምን ሰደብከው?» ጮህኩ። ቀብር ላይ አይጮህም፤ ጮህኩ።

ጃብሮ ወደ መቃብሩ ዞረ። «ቁጣችን አንድ ቦታ ማረፍ ነበረበት» አለ። «የዘጠኝ ዓመት ልጅ ላይ እንዳያርፍ ራሱ ተሸከመው። በማግስቱ መርከቡ ላይ ለየብቻችን ጠርቶ ለመነን። ‹እሷን ተዉልኝ፣ እኔን በሉኝ› አለ። እኛም በላነው። ሳንጠግብ በላነው።»

ሃምሳ ሎሚ ለሃምሳ ሰው ጌጥ ነው ይባላል፤ እኛ ግን መቶ አሥራ ስድስቱን ሎሚ አንድ ሰው ላይ ጭነን አብረን ሄድን። አንዷን ሎሚ እንኳ አላነሣሁለትም። ጃብሮን ልጠላው ፈለግሁ፤ አልቻልኩም፤ ምርኩዙን ጥሎ አሸዋው ላይ ተቀምጦ ያለቅስ ነበር።

ከዚያ ሰው ሁሉ በተራ እየመጣ አንድ አንድ እፍኝ ጠጠር በተነ። ተራዬ ሲደርስ አንድ እፍኝ በተንኩ። ጎንበስ ብዬ ሁለተኛ እፍኝ ዘገንኩና እሱንም በተንኩ። አንዷ የነይሞን፣ አንዷ የሊኪሪ ናት። ሰልፉ ላይ ያሉት ሁሉ አዩኝ፤ ተሳሳትሽ ያለኝ የለም።